ደርሶ መልስ

መቼም «ቱሪስት» ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ፀሐይ ፊቱን ያቀላችው፣ በቁምጣ የላሊበላን ዳገት የሚወጣ ፈረንጅ ነው። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰና የቱሪስት ድርጅታቸው ከ1960ዎቹ ጀምሮ «የ13 ወር ፀጋ» እያሉ ሲጋብዙት የኖሩት እንግዳ ማለት ነው። በእኛ አነጋገር ቱሪስት የሚመጣ እንጂ የሚሄድ ሰው አይደለም። ስለዚህም አንድ አበሻ «ለጉብኝት ወደ ውጭ ልሄድ ነው» ሲል ከቆንስሉ አስቀድሞ የሚጠራጠረው የገዛ ጎረቤቱ ነው። «ለጉብኝት? ሆሆ! እዚያው ልቀር ነው በለን እንጂ!» ይሉታል። ይሳቃል፤ ቡናው ይቀጥላል።

ሳቁ የሚያበቃው የወረቀቱ ዝርዝር ሲመጣ ነው። የስድስት ወር የባንክ ስቴትመንት። ከመሥሪያ ቤት የሥራ መደቡን፣ ደመወዙንና የተፈቀደለትን ዕረፍት የሚገልጽ ደብዳቤ። ነጋዴ ከሆነ ንግድ ፈቃድና የግብር ክሊራንስ። የቤት ካርታ፣ የመኪና ሊብሬ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆች የልደት ካርድ። የሆቴል ቡኪንግ፣ የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የደርሶ መልስ በረራ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ሊወጣ የተነሣ ሰው ይኼን ሲያይ ግራ ይገባዋል። «ፏፏቴ ለማየት የጋብቻ ወረቀት ምን ይሠራል?» ቢል አይፈረድበትም። ፎርም ሞይውና ደላላው ምን ምን እንደሚያስፈልግ ይነግሩታል፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ግን አይነግሩትም። ለምን የሚለውን ያልተረዳ ሰው ደግሞ ካርታውን ጥሎ የሠርግ ፎቶ ይዞ ይሄዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ሁሉ ወረቀት የሚመልሰው በመሠረቱ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ትመለሳለህ ወይ?» የሚለውን። የባንክ ደብተሩ፣ ካርታው፣ ሚስትና ልጆቹ ሁሉ ለምስክርነት የተጠሩ ናቸው። የሚመሰክሩት ደግሞ ስላለፈው ነገር ሳይሆን ገና ስላልሆነው፣ ሰውዬው ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለሚያደርገው ነገር ነው። ይኼ እንግዳ ፍርድ ቤት ከየት መጣ? ታሪኩ ከሚገመተው በላይ አጭር ነው። (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

የእኛ ሰው ከጥንትም ከአገር ይወጣ ነበር። የሚወጣው ግን ለጉብኝት ሳይሆን ለመሳለም ነው። መነኮሳቱ በግብፅ በኩል ኢየሩሳሌም ይወርዳሉ፤ ከኢየሩሳሌም አልፈው ሮም የደረሱም አሉ። በ1441 በፍሎረንሱ ጉባኤ ላይ የኢየሩሳሌም ገዳማችን መነኮሳት ተገኝተዋል። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በቅዱስ እስጢፋኖስ የነበሩት ሐበሾችም የታወቁ ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ሮም ላይ አሳትመዋል። እነዚህ ሰዎች በምጽዋት ያደሩ ናቸው። የስድስት ወር ስቴትመንት ቢጠየቁ ኖሮ ሐዲስ ኪዳኑ ባልታተመ።

በዚያው ዘመን የእኛ ነገሥታት ሌላ ዓይነት ቪዛ ነበራቸው ማለት ይቻላል። መግቢያው ቀላል፣ መውጫው ከባድ። የፖርቱጋሉ ንጉሥ በ1487 የካህኑን ንጉሥ ዮሐንስን አገር ፈልጉ ብሎ ከላካቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ፔሮ ዳ ኮቪልያ ነበር። ሰውዬው ዐረብኛ ተናጋሪ፣ ሰላይ፣ ብልህ ተጓዥ ነው። ህንድን አይቶ፣ የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ አዳርሶ፣ በ1490ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ከዐፄ እስክንድር ደጅ ደረሰ። ንጉሡ በክብር ተቀበሉት፤ ወደ አገሩ ሊመልሱትም ቃል ገቡለት። ግን ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ዐፄ ናዖድ አይሆንም አሉ። ዐፄ ልብነ ድንግልም አይሆንም አሉ። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ሲመጡ አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ኮቪልያን ርስት ተሰጥቶት፣ ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ አገኘው። መልእክተኞቹ በ1526 ሲመለሱ እሱ እዚሁ ቀረ። ዛሬ ቆንስል ፊት ብትቀርቡ ርስቱም ሚስቱም ልጆቹም የመመለስ ማስረጃ ናቸው። ለኮቪልያ ግን የመቅረት ማሰሪያ ነበሩ። ወረቀቱ ያው ነው፣ ጌታው ተለወጠ እንጂ።

ወደ አውሮፓ ስንመለስ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ባቡር ከመብዛቱ የተነሣ ድንበር ላይ ፓስፖርት ማየት የማይቻል ሆኖ ነበር። ከሩሲያና ከቱርክ ግዛት በቀር አብዛኛው አገር ነገሩን ትቶታል። የኦስትሪያው ደራሲ ሽቴፋን ዝዋይግ ከ1914 በፊት ህንድንም አሜሪካንም ያለ ፓስፖርት እንደዞረ በትዝታ መጽሐፉ ጽፏል። ለወጣቶች ይኼን ሲነግራቸው መገረማቸው ያስደስተው ነበር። ያው ሰውዬ በ1938 ሂትለር ኦስትሪያን ሲውጥ ፓስፖርቱ ዋጋ አጥቶ፣ እንግሊዞች አገር ለሌለው ሰው የሚሰጡትን ወረቀት ለመለመን በቃ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ ስለ ዝዋይግ የሚጠይቁኝ ስለ አሟሟቱ ነበር፤ በ1942 ብራዚል ውስጥ ከሚስቱ ጋር ራሱን ማጥፋቱን። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ያ ስለ ፓስፖርት የጻፈው ክፍል ነው።

ለነገሩ የዝዋይግ ነፃነት የሁሉም ነፃነት አልነበረም። ይኼን እሱ ብዙም አላየውም። ልክ በዚያ ባቡሩ እንዳሻው በሚያልፍበት ዘመን አሜሪካ በ1882 የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ በሕግ ከለከለች። መምህር፣ ተማሪ፣ ነጋዴና አገር ለማየት የሚመጣ ቻይናዊ ግን እንዲገባ በውል ተፈቅዷል። ታዲያ መርከብ ላይ የቆመው ሰው ጎብኚ ይሁን ሠራተኛ በምን ይታወቃል? በ1884 ሕጉ ሲሻሻል መልሱ ተገኘ። ጎብኚ ነኝ የሚል ቻይናዊ ከመንግሥቱ የምስክር ወረቀት ያምጣ፤ ወረቀቱም በአሜሪካ ውስጥ ሊዘዋወር ነው ወይስ ሊያልፍ ነው የሚለውን ይግለጽ፤ በተጨማሪም ሰውዬው በአገሩ ያለውን የሀብት ሁኔታ ይግለጽ። ከዚያ የአሜሪካ ወኪል ከመሳፈሩ በፊት እውነትነቱን መርምሮ ይፈርምበት።

እስቲ ይኼን ቀስ ብላችሁ አስቡት። የጉዞው ዓላማ፣ የሀብት ማስረጃ፣ ከመነሻው አገር የሚደረግ የቆንስል ምርመራ። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ከምንሰለፍበት ወረፋ የቀረ ነገር አለ? የቱሪስት ቪዛ መስፈርት የምንለው ነገር ሲወለድ ሰላይን ወይም ወንበዴን ለመያዝ አልነበረም። «ጎብኚ ነኝ የሚለው ሰው የጉልበት ሠራተኛ ይሆን?» ከሚል ጥርጣሬ ነው የተወለደው፤ ጥርጣሬውም በአንድ ሕዝብ ላይ ነበር። የቻይናው ክልከላ በ1943 ተሻረ። ጥያቄው ግን አብሮ አልተሻረም፤ ለሌሎቻችን ተረፈ።

ለዓለም ሁሉ ያዳረሰው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። በ1914 ሁሉም በሩን ዘጋ። ሰላዩ በዛ፣ ከጦር ግንባር የሚከዳው በዛ፣ ፓስፖርትና ቪዛ እንደ ዳቦ ራሽን ጊዜያዊ ነገር ተብለው ተጀመሩ። አሜሪካ ቪዛን ለሁሉም የውጭ ሰው ያዘዘችው በ1917 ነው። የጂቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ዓመት መሆኑ ይገርመኛል፤ እኛ መንገድ ስናገኝ ዓለም በር አበጀ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የመንግሥታቱ ማኅበር በጥቅምት 1920 ፓሪስ ላይ ስለ ፓስፖርት ጉባኤ ጠራ። ጉባኤተኞቹ ፓስፖርቱ ራሱ መጥፎ ነገር መሆኑን፣ ወደ ጦርነቱ በፊት ወደነበረው ነፃነት መመለስ እንደሚገባ ተስማሙ። ግን «ለጊዜው» አሉና 32 ገጽ ያለው አንድ ወጥ ደብተር እንዲሆን ወሰኑ። የመግቢያ ቪዛ ዋጋም ከ10 የወርቅ ፍራንክ እንዳይበልጥ መከሩ። በ1926 ጄኔቭ ላይ እንደገና ተሰበሰቡ፤ እንደገና ፓስፖርት ቢቀር እንዴት ጥሩ ነበር ተባብለው ተለያዩ። ያ «ለጊዜው» መቶ ዓመት አለፈው። እኛ ማኅበሩ ውስጥ የገባነው በ1923 ስለሆነ ደብተሩ ተጠርዞ ነው የጠበቀን።

ቪዛ የሚለው ቃል ራሱ ከላቲን የመጣ ሲሆን «የታየ» ማለት ነው፤ የታየ ወረቀት። ድሮ ሹም ወረቀቱን አየሁት ብሎ ይፈርምበታል፣ አበቃ። ከ1920ዎቹ ወዲህ ግን የሚታየው ሰውዬው ሆነ። አሜሪካኖች በ1924 ሕግ ለየአገሩ ኮታ አወጡ፣ ቆንስሉንም ዋና በረኛ አደረጉት። በ1952 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ ዛሬ ድረስ በሥራ ላይ ያለ አንድ አንቀጽ አለው። ቁጥሩ 214 (ለ) ነው፤ ቪዛ የተከለከለ አበሻ ሁሉ ከመዝሙረ ዳዊት ባልተናነሰ ያውቀዋል። አንቀጹ የሚለው፣ ጥቂት የቪዛ ዓይነቶች ሲቀሩ ማንኛውም አመልካች ለመኖር የሚመጣ ሰው ተደርጎ ይገመታል፤ አለመሆኑን ለቆንስሉ ማስረዳት የአመልካቹ ዕዳ ነው። በወንጀል ችሎት ተከሳሽ እስኪፈረድበት ንጹሕ ነው። በቪዛ መስኮት ግን ሰው እስኪያስረዳ ድረስ ቀሪ ነው። ብዙ ሰው «ምን አጠፋሁ?» ብሎ የሚናደደው ይኼን ስለማያውቅ ነው። ምንም አላጠፋም፤ ገና ከመግባቱ ነው የማስረዳቱ ዕዳ የተጫነበት። ደግነቱ ውሳኔው የዕድሜ ልክ አይደለም። ይግባኝ የለውም እንጂ፣ ሁኔታው ተለውጦ ከሆነ እንደገና ማመልከት ይቻላል፤ ክፍያው ግን አይመለስም።

እዚህ ላይ ፈረንጅን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። «ትመለሳለህ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ከሁሉ በላይ አክርሮ የጠየቀን ግን የገዛ መንግሥታችን ነበር። በደርግ ዘመን መግቢያ ቪዛ ብቻውን ምንም አይደለም፤ የራስህ አገር መውጫ ቪዛ ይሰጥህ ነበር፣ ወይም አይሰጥህም ነበር። ታላላቆቻችን ሲያወሩ እንደምንሰማው የውጭው ቆንስል በአንድ ቀን የፈቀደውን የአገር ውስጡ ቢሮ ወራት ያመላልስበታል። ለትምህርት የሚላክ መምህር ደግሞ ዋስ ይጠራል፤ ካልተመለሰ ዋሱ ይከፍላል። ይኼኛው ልማድ ከደርግ ጋር አልወደቀም፤ ዩኒቨርሲቲ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለጓደኛው ዋስ ሆኖ ደመወዙን በየወሩ ያስቆረጠ ሰው ፊት ቀርቦ ስለ ቆንስል ክፋት ማውራት ትንሽ ያሳፍራል።

በ1948 የወጣው የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 13 ሰው ሁሉ ከማንኛውም አገር፣ ከራሱም ጭምር የመውጣትና ወደ አገሩ የመመለስ መብት አለው ይላል። የ1995ቱ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 32ም በፈለገ ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነትን ደንግጓል። ግሩም ነው። ሁለቱም ግን ስለመግባት ምንም አይሉም። መውጣት መብት ሆነ፣ መግባት ደግሞ የባለቤቱ ፈቃድ። መሀል ላይ ያለው ሰው መብቱን በኪሱ ይዞ ቦሌ ላይ ይቆማል።

አውሮፓ ግማሹን ፈትታዋለች፤ ለራሷ። በሰኔ 1985 አምስት አገሮች ሼንገን በምትባል የሉክሰምበርግ መንደር፣ ሞዜል ወንዝ ላይ በቆመ ጀልባ ውስጥ ተፈራርመው፣ ከ1995 ጀምሮ የመካከላቸውን ኬላ አነሡ። የውስጡ ኬላ ሲነሣ የውጩ ጠነከረ። በ2009 የወጣው የቪዛ ደንባቸው አመልካቹ የጉዞውን ዓላማ፣ የሚያርፍበትን፣ የሚበቃ ገንዘብ መኖሩንና የመመለስ ሐሳቡን እንዲያስረዳ ይጠይቃል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስም ይፈልጋል። የ1884ቱ ወረቀት ተስፋፍቶ ማለት ነው። ቆይታው በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን አይበልጥም። የሚመለከተው ኤምባሲ ብዙ ቀን የሚቆዩበት አገር ኤምባሲ ነው፤ ቀኖቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ የሚገቡበት። «እዚያኛው ይቀላል» ተብሎ የሚኬድበት ነገር አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ደግሞ ለእኛ ብቻ የተሰፋ ነው። በሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት የኢትዮጵያ መንግሥት ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን መልሶ በመቀበል ረገድ አልተባበረም ብሎ በኢትዮጵያውያን ቪዛ ላይ እርምጃ ወሰነ። የተለመደው የ15 ቀን የውሳኔ ጊዜ ለእኛ 45 ሆነ። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ፣ ከማስረጃም ምንም እንዳይቀነስ ተባለ። ይኼ ማለት ዕድሜውን ሙሉ ከሰፈሩ ያልወጣ ሰው ሲያመለክት አብሮት የሚመረመረው ሌላ የማያውቀው ሰው ያለመመለስም ነው። ዋስ ሆኗል፤ ማን እንደጠራው ሳያውቅ።

ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው አንድ ጎረቤት አሉኝ። ከ30 ዓመት በላይ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው። ዳንዩብ ከጥቁር ጫካ ተነሥቶ፣ አሥር አገር ዳሶ፣ ጥቁር ባሕር እንደሚገባ ስንት ሺህ ልጅ እንዳስጠኑ እሳቸውም አያውቁት። ወንዙን አላዩትም። ልጆቻቸው አዋጥተው «ይሂዱ፣ ይዩት» አሉ። እዚያ ዘመድ የላቸውም፤ ጥሪ የላኩላቸው ሰው የለም። ንጹሕ ቱሪስት ማለት እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ቀጠሮ ቶሎ ይገኛል ወደተባለበት ኤምባሲ ሄዱ፤ ጉዞዎ የሚበዛው ሌላ አገር ነውና አይመለከተንም ብለው ወረቀታቸውን መለሱላቸው። ወደሚመለከተው ሄዱ፤ ከሳምንታት በኋላ በፎርሙ ላይ አንድ ሳጥን ምልክት ተደርጎባት መጣች። ቪዛው ከማለቁ በፊት ከአገሩ ለመውጣታቸው በቂ እምነት አላደረብንም የምትለዋ።

ወረቀቱን አብረን አየነው። የባንክ ሂሳቡ ላይ ለወራት የጡረታ ገንዘብ ብቻ ሲገባ ቆይቶ፣ ከማመልከታቸው አሥር ቀን በፊት የልጆቹ መዋጮ በአንድ ጊዜ ገብቷል። መርማሪ ዓይን ይኼን ሲያይ ምን እንደሚል መገመት ከባድ አይደለም። በከተማችን ገንዘብ ለወር አበድሮ ደብተር የሚያሳብጥ፣ የውሸት ሆቴል የሚይዝ፣ የሌለ የሥራ ደብዳቤ የሚያትም ደላላ ሞልቷል። በእነዚህ ምክንያት የጋሼ እውነተኛ ገንዘብ የተበደረ መሰለ። መደረግ የነበረበት ቀላል ነበር። ወጪውን የሚሸፍኑት ልጆች መሆናቸውን በግልጽ መጻፍ፣ የእነሱን የሥራ ደብዳቤና ስቴትመንት ማያያዝ፣ ገንዘቡን የማን እንደሆነ ሳይገልጹ ደብተር ውስጥ አለማስገባት። የሐሰት ሰነድ ከዚህ ሁሉ ይከፋል፤ የተያዘ ሐሰት መዝገብ ላይ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ማመልከቻም ይከተላል።

የከለከለው ኤምባሲ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ደንቡ ያስገድደዋል፤ ይግባኝም አለ፤ ግን በዚያው አገር ሕግ መሠረት ነው። ጋሼ ይግባኙን ተዉት። እንደገና ሊያመለክቱ ነው፤ 90 ዩሮውም እንደገና። በዚህ ሳምንት የማመልከቻ ደብዳቤያቸውን እንዳርም ሰጡኝ። የቀን በቀን ጉዟቸውን ከተማ በከተማ፣ የወንዙን ስፋት ሳይቀር ጽፈውታል። ለምን እንደሚመለሱ በሚለው ክፍል ላይ የቤት ካርታ ቁጥራቸውን አስቀድመው፣ ቀጥሎ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ካርታ ንባብ እንደሚያስጠኑ፣ በግቢያቸው ያለው የቡና ተክል በኅዳር እንደሚለቀም፣ ባለቤታቸው የተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ከቤታቸው የአምስት ደቂቃ መንገድ እንደሆነ ዘርዝረዋል።

«ይኼን በየትኛው ወረቀት ላስደግፈው?» አሉኝ፤ ብዕራቸውን እንደያዙ።